የደበቅሁት እንዝርት

ጅቡቲ ከተማ፣ ከኤስካል ወደብ በጀልባ ለሚወጡ ዓሣ አጥማጆች ማጥመጃ እሠራለሁ። ዝንብ ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል መንጠቆ ላይ ጸጉርና ላባ በክር አስራለሁ፤ እነሱ «ፍላይ» ይሉታል። ማን አስተማረህ ሲሉኝ «ፈረንጆች» እላለሁ። ግማሹ ውሸት ነው፤ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ጸጉርን በክር ላይ መፍተል፣ ደቢንግ የሚሉትን፣ ጣቶቼ ጎጃም ሳለሁ ያውቁት ነበር። እናቴ ባዘቶ ይዛ ስትቀመጥ፣ ሰው በሌለበት እንዝርቱን ተቀብያት ማግ እፈትል ነበር። በአገራችን መሸመን የወንድ፣ መፍተል የሴት ነው። አንድ የሰፈር ልጅ አይቶ ከሳቀብኝ ወዲህ እንዝርት ነክቼ አላውቅም አልኩ።

ጣት ግን አይረሳም። ክሩን ሰም አስነካለሁ፤ የሐምሌው ሙቀት ስለሚያቀልጠው ጠንከር ያለውን ሰም ነው የምይዘው። ከጥንቸል ጸጉር ቆንጥሬ፣ ክሩ በስሱ እስኪለብስ ብቻ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እፈትለዋለሁ። ወዲያና ወዲህ ካሹት የከረረው ይፈታል። ጀማሪ ጸጉር ያበዛል፤ እኔም ባዘቶ ሳበዛ እናቴ እጄን ትይዘኝ ነበር። ጸጉሩ ረጅም ከሆነ ክሩን አጥፌ፣ በመሃሉ ደርድሬ፣ ከታች ክብደት ያላት ማሽከርከሪያ አንጠልጥዬ አሾራታለሁ። ብረት ሆነች እንጂ እንዝርት ናት።

የክር ውፍረት በዴኒየር ይለካል፤ 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ለባሌው የዌብ ወንዝ ትራውት ዓሣ 70 ዴኒየር ይበቃል። ለታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባራኩዳ ግን 200 ዴኒየር፣ ጄል ስፐን የሚባለውን ክር እመርጣለሁ፤ ቀጭን ሆኖ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ግን ያዳልጣል፣ ጸጉር እንደልብ አይይዝም። ናይለን ሲስቡት ተለጥጦ፣ ተመልሶ ሲሰበሰብ ጸጉሩን ጨምድዶ ይይዛል። ስለዚህ መሠረቱን በጄል ስፐን አስሬ ጸጉሩን በናይለን እፈትላለሁ። ድሩ ጠንካራ፣ ማጉ ልስልስ ይሁን የምትለው እናቴ ነበረች፤ ፈረንጆቹ ስልቱን ሲያደንቁ ግን ዝም ብዬ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

እናቴ በስልክ ሥራህ ምንድን ነው ስትለኝ «ከዓሣ ጋር ነው» እላታለሁ። እየፈተልኩ ነው ብያት አላውቅም። ከእሷ በፊት ለማታውቁኝ ለእናንተ መጻፌም ያው ፍርሃቴ ነው።