እማዬ «ጨምሪ» ስትለኝ የማልጨምረው

የእማዬን ጉልበት ሕመም ከያዘው ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሐኪሙ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልሱ ክፍል እየሳሳ መሆኑን ነግሮናል። ክኒኑ ጨጓራዋን ስለሚያቃጥላት ሁልጊዜ አትውጠውም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብስባታል። ጠዋት ስትነሳ የአልጋውን ራስጌ ይዛ ጥቂት ትቆያለች፤ እኔን የሚከብደኝ ያቺን ቆይታ ማየት ነው።

ድሮ ፍል ውሃ ትሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩት እዚያው ፍል ውሃው አጠገብ ነው፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚያ ምክንያት ነው። ቁርጥማት ያለበት ሰው ዛሬም ፍል ውሃ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት ይላል። እማዬን ግን ታክሲ መሳፈር አቃታት። ስለዚህ ሰፊ ሳፋ ገዛን።

ቤታችን የውሃ ማሞቂያ የለም፣ ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ደግነቱ ብዙ አያስፈልግም። ቀዝቃዛውን አስቀድሜ ሳፋው ውስጥ አደርግና የፈላውን በላዩ እያፈሰስኩ በክርኔ እፈትነዋለሁ። ከሰውነት ሙቀት ትንሽ አለፍ ያለ፣ 38 ዲግሪ አካባቢ፣ ይበቃል። እግሯን ትነክራለች። ለጉልበቷ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ እጨምቅና እጠቀልልላታለሁ፤ ሙቀቱ እንዳይጠፋ በላዩ ፌስታል፣ ከፌስታሉ በላይ ጋቢዋ። 15 ደቂቃ፣ ቢበዛ 20። ጎረቤቶች ጨው ጨምሩበት ይሉናል፤ እንጨምራለን፣ የሚያስታግሳት ግን ሙቀቱ ይመስለኛል።

ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። የሳሳውን አይመልስም፤ እማዬም ይሄን ታውቃለች። መጀመሪያ ላይ ነክራ በዚያው ትተኛ ነበር፣ ጠዋትም ያው ሕመም ይጠብቃታል። ኋላ ነው የገባን። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ካልሠራ ይሰልላል። አሁን ከሳፋው እንደወጣች፣ ጉልበቷ ለስለስ ባለበት ሰዓት፣ ወንበሯ ላይ ሆና እግሯን አሥር ጊዜ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። ከዚያ ግቢውን ሁለቴ ትዞራለች። ትልቁን ለውጥ ያየነው በዚህ ነው።

እግሯን ሳደርቅላት «እንቅፋት አይንካሽ» ትለኛለች። ልጅ ሆና ገጠር የእንግዳ እግር ስታጥብ ትመረቅ የነበረው ምርቃት ነው።

«ጨምሪ፣ አልሞቀኝም» ስትለኝ ግን አልጨምርም። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ ጎረቤታችን እግራቸው ደንዝዞ ስለነበር የውሃው ትኩሳት ሳይሰማቸው ነክረው ቆዩ። ቆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ተላጠ፤ ቁስሉ እስኪድን ወራት ፈጀ። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ድንገት ያበጠ፣ የቀላና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ ላይ ሙቀት አታድርጉ፤ ሐኪም ይየው። እናትና አባቶቻችሁን ደግሞ «ሞቀ?» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። ውሃውን እናንተ በክርናችሁ ፈትኑላቸው።