በሎንዶን ከተማ ስላየነው የብርሃን ሥዕል

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስለሚያየው ነገር ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ምክራቸውም መልካም ነው፤ መንገድ ያልጠየቀ ይጠፋልና። ነገር ግን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን በመቆየታችን ሌላ ነገርም ተምረናል፤ ይኸውም ከምስክሮች ሁሉ የሚሻለው የሰማውን ሳይጨምር በዐይኑ ያየውን ብቻ የሚናገር መሆኑን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ስሙንም ሠሪውንም ሳናውቅ ስላየነው ሥራ ነውና፥ የተከበሩ አንባቢዎቻችን እንደ ምስክር ቃል አድርገው ይቀበሉት ዘንድ እንለምናለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳር፥ በወንዙ ማዶ ካለው ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ፊት ለፊት፥ የጢስ መውጫው 99 ሜትር ከፍታ ያለው ታላቅ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። ሕንፃው ቀድሞ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ነበረ፤ ንድፉን ያወጣው ሰር ጃይልስ ጊልበርት ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ ነው። በ1981 ዓ.ም. ሥራውን አቁሞ ብዙ ጊዜ ባዶውን ከቆየ በኋላ፥ በ2000 ዓ.ም. ቴት ሞደርን ተብሎ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤት ሆነ። ኀይል የሚያመነጩት መኪናዎች ይጮኹበት በነበረው አዳራሽ ዛሬ ሕፃናት ይሯሯጡበታል።

ወደዚህ ቤት የገባነው በ2024 ዓ.ም.፥ በአገራችን ክረምት፥ በዚያ ግን በጋ በሆነበት ወራት ነው። ከእኛም ጋር አጎታችን ነበሩ። እርሳቸው ብዙ ዘመን በዳኝነት ያገለገሉ የ78 ዓመት ሽማግሌ ሲሆኑ፥ ግላኮማ የሚባለው ሕመም ዐይናቸውን ስለ ያዘው ለመታከም ወደ ሎንዶን መጥተው ነበር። ሐኪሞቹም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፥ የቀረው ግን በመድኃኒት ሊጠበቅ እንደሚችል ነግረዋቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግራቸው እያጠረ፥ ከቤት መውጣትንም እየጠሉ ሄዱ። በዚያች ከተማ የምትኖር የእኅታችን ልጅ ሥዕል ቤት ልውሰዳችሁ ባለች ጊዜ፥ አጎታችን «ልጄ፥ አንቺ እያየሽ ለእኔ የምታወሪልኝ ከሆነ፥ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ብታወሪልኝ አይሻልም?» ብለው መለሱላት። እርስዋ ግን አባባ፥ ግድ የለም ብላ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ስለምናየው ነገርም አንዳች ቃል አልነገረችንም።

የገባንበት ክፍል ጨለማ ነበር። ወንበር የለም፤ እንደ ሲኒማ ቤት ነጭ መጋረጃ አልተሰቀለም፤ አየሩም በቀጭን ጉም ተሞልቷል። በአንደኛው ወገን የሲኒማ መኪና አለ፤ ከእርሱም እንደ ፈትል የቀጠነ ብርሃን ወጥቶ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ሠርቷል። ነጥቢቱ እጅግ በዝግታ ትሄዳለች፤ በሄደችበትም መንገድ ጎባጣ መስመር ትተዋለች። ድምፅ የለም፤ ሰው የለም፤ ታሪክ የለም። በዚያ የነበረው ሰው ሁሉ በሲኒማ ቤት እንደ ለመደው ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አንድ ነገር እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። አንዳንዶቹ ታክቷቸው ወጡ።

አጎታችን ግን ግድግዳው በደንብ ስለማይታያቸው ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ምንጭ መለሱ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ይህ ብርሃን እኮ በአየር ላይ ቆሟል» አሉ። እኛም ዘወር ብንል እንዳሉት ሆኖ አገኘነው። ፈትል የነበረው ብርሃን በጉሙ ላይ እየተዘረጋ እንደ ሻማ ልብስ ሆኗል፤ ከዚያም እየታጠፈ ሄዶ፥ ነጥቢቱ ዙሪያዋን በፈጸመች ጊዜ፥ በጎኑ የተጋደመ የጎጆ ቤት ጣሪያ መሰለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ብርሃን ነው።

አጎታችን እጃቸውን ዘርግተው ብርሃኑን ነኩት፤ የእጃቸውም ጥላ እንደ ምሰሶ ረዝሞ ታየ። አምስት ዓመት የሚሆነው አንድ ሕፃን ከወዲያ ማዶ ብርሃኑን ሰንጥቆ ገባና ሳቀባቸው፤ እርሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ክንዳችንን ለቀው ብቻቸውን ወደ ውስጥ ገቡ። «በልጅነቴ እናታችን እሳት ስታነድ ፀሐይ በሣር ቤቱ ቀዳዳ ገብታ በጢሱ ውስጥ እንዲህ ትቆም ነበር፤ ልይዛት እሮጥ ነበር» አሉን። ሐኪሙ ያን ቃል ከተናገረ ወዲህ ስለ ማየት ያወሩት ያን ጊዜ ነው።

የሥራውን ታሪክ የተረዳነው ከወጣን በኋላ ነው። ሠሪው በ1946 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተወለደው አንቶኒ ማኮል ነው። በ1973 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በዚያው ዓመት በ16 ሚሊሜትር ፊልም ይህን ሥራ ሠራ፤ ስሙም «ሾጣጣን የሚነድፍ መስመር» ነው፤ ርዝመቱ 30 ደቂቃ ሲሆን መጀመሪያ የታየው በስቶክሆልም ከተማ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሲኒማ ይታይ የነበረው በአሮጌ የሥራ ቤቶች ስለ ሆነ፥ ብርሃኑ ቅርጽ ይዞ እንዲታይ ያደረገው የቤቱ አቧራና የተመልካቾቹ የሲጋራ ጢስ ነበረ። ንጹሕ ወደ ሆነ አዳራሽ በተወሰደ ጊዜ ግን ብርሃኑ ሊታይ አልቻለም፤ የሚያርፍበት አጥቷልና። ማኮልም ሃያ ዓመት ያህል ይህን ጥበብ ትቶ ከቆየ በኋላ፥ ጉም የሚያወጣ መኪና በተገኘበት ዘመን ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ሁሉ አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ስለ ጉሙ ምክንያት ባልተደነቅን ነበር። ማወቁም ደስታችንን አልቀነሰውም፤ ጨመረበት እንጂ። ነገር ግን አስቀድሞ ቢነገረን፥ የተነገረንን ለማግኘት እንመለከት ነበር እንጂ አጎታችን ያገኙትን አናገኝም ነበር። ስለዚህ እውቀት ከማየት በኋላ ሲመጣ እንደ ፍርድ ነው፤ ከማየት በፊት ሲመጣ ግን አንዳንድ ጊዜ ምስክሩን ቃል እንደ ማስጠናት ይሆናል።

የአጎታችን ሕመም አልዳነም፤ ጠብታውን ዛሬም ማታ ማታ ያደርጋሉ። ነገር ግን ከቤት መውጣትን አይጠሉም፤ «ዛሬ ወዴት ትወስዱኛላችሁ?» ብለው የሚጠይቁ ሆነዋል።

በቤታችሁ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች ያሏችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህ ሕመም ሳያምም ቀስ በቀስ የሚሰርቅ ሌባ ነውና፥ ወላጆቻችሁን ቀድማችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱ፤ የእናንተንም ዐይን አስመርምሩ። ሕመሙ ቀድሟችሁ ቢገኝ ደግሞ፥ እርሳቸው ምን ያያሉ ብላችሁ በቤት አትተዉአቸው።