አቡነ ጴጥሮስ የነጻነቱን ቀን አላዩም

ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ሳያይ አያልፍም። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተብሎ ሲነሣ ስንቶቻችን እንደተጨነቅን፣ ሲመለስም እንዴት ደስ እንዳለን አስታውሳለሁ። ታሪካቸውን የማያውቅ የአራዳ ልጅ የለም። ብዙ ጊዜ ስለሰማነው ይሆናል ቆም ብለን የማናስበው።

እስቲ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡኑ የነበሩበትን ቦታ እናስበው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተዋል። አርበኞች ከተማዋን መልሰው ለመያዝ ሞክረው አልሆነላቸውም። አቡኑ የተጠየቁት ደግሞ በቃል የሚያልቅ ነገር ነው፤ አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ለጣሊያን እንዲገዙና ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲያስተምሩ። ያን ዕለት አንድ ብልህ ወዳጅ አጠገባቸው ቢኖር ምን ይላቸው ነበር? «አባታችን፣ ዛሬን በሰላም ይለፉት። በሕይወት ካሉ ነገ ሕዝቡን ያጽናናሉ፤ ከሞቱ ማንን ይጠቅማሉ?» ይል ነበር። በዚህ ምክር ውስጥ አንድም የተሳሳተ ስሌት የለም። አቡኑ ግን እምቢ አሉ፤ ለወራሪው የሚገዛውን ገዘቱ፤ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እኛ መጨረሻውን እያወቅን ስለምንሰማው «እግዚአብሔር ሥራውን ሠራ» ማለት አይከብደንም። አቡኑ ያን ቀን አላዩም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ሥራው አቡኑን በጭንቅ ውስጥ ሆነው የሚማጸኑ ሰው አድርጎ ማሳየቱ ትክክል ይመስለኛል። መጨረሻውን ያልተነገረው ሰው ይጨነቃል፤ መጨነቁም ከእምነት አያወጣውም።

«በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» የሚለውን ምሳሌ ምዕራፍ 3 ቁጥር 5ን በየታክሲው መስታወት ተለጥፎ እናነበዋለን፤ ልጆቻችንም በቃላቸው ይይዙታል። ስንኖረው ግን ብዙዎቻችን ነገሩን የምንለካው በውጤቱ ነው። ቪዛው ከተመታ ፈቃዱ ነው፤ ካልተመታ «ምን አጥፍቼ ነው?» እንላለን። የእግዚአብሔር ጥበብም ነገ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚነግረን ይመስል ስለት እንሳላለን፣ ሱባኤ እንገባለን። ሱባኤውም ስለቱም ቅዱስ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በአብዛኛው የዕለት ኑሯችን የተሰወረብን ውጤቱ ነው እንጂ ትእዛዙ አይደለም። አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ ድኻውን አታታልል የሚለውን ለማወቅ ራእይ ማየት አያስፈልግም። የገዛ ማስተዋላችን የሚያሸንፈን ትእዛዙ ጠፍቶን ሳይሆን «ብታዘዝ ምን ይተርፈኛል?» ብሎ ሲያሰላልን ነው።

ይህን ስል ማሰብ ይቅር ማለቴ አይደለም። ስማቸውን የያዘው ሆቴል እዚሁ ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ የጸሎት ሰው ነበሩ፤ በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ በምሽጉ ያለው የጣሊያን ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረገው ግን የእሳቸው ዘዴ ነው። ጦሩ ውኃ ጠምቶት ምሽጉን ለቀቀ። በዚያው ዓመት የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። እቴጌይቱ አእምሯቸውን ተጠቅመው ድሉን አዩ፤ አቡነ ጴጥሮስ ሳያዩ ሞቱ። ከሁለቱ አንዱ በእግዚአብሔር ይበልጥ ታምኗል ለማለት እኔ አልደፍርም።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ። አንዲት እናት አሁንም ወር በገባ በ23 በሌሊት ተነሥተው፣ ታክሲ ቀያይረው ጊዮርጊስ ይመጣሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጧፋቸውን በወረቀት ጠቅልለው። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ምንም ያልፈረሰበት ሰው «እማማ፣ ሁሉን እሱ ያውቃል፤ ለበጎ ነው» አላቸው። እሳቸው ቀና ብለው «እሱማ ያውቃል ልጄ። እኔ ግን ቡና የሚጠራኝ ሰው አጣሁ ብዬ ነግሬዋለሁ» አሉት። ከዚህ የበለጠ እምነት የት አለ? የእግዚአብሔርን ጥበብ ጠቅሶ የሌላውን ለቅሶ ማስቆም እምነት አይመስለኝም። ለራስህ ጉዳት «እሱ ያውቃል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለሰው ጉዳት ከሆነ መጀመሪያ ቁጭ ብለህ አዳምጥ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነው። እዚሁ ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ 18 ካራቱን 21 ነው ብሎ እንዲሸጥ አዘዘው። ልጁ ሒሳቡን ሠራ፦ እናቱ የማይቋረጥ መድኃኒት አለባቸው፤ የቤት ኪራይ አለ፤ እሱ ቢተወውም ሌላው ይሸጠዋል። ጥቂት ቀን ዝም ብሎ ሰነበተ። ከዚያ አንዲት ሴት ለልጃቸው ሠርግ የአንገት ሐብል ሊገዙ መጡ፤ ብሩን ከመሀረባቸው ፈትተው ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ እጁ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ይኸኛው 18 ነው» አላቸው። በዚያው ማታ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። አባ የተሻለ ሥራ ታገኛለህ አላሉትም። «ስርቆት መሆኑን ካወቅህ እኔ ምን እጨምርልሃለሁ? አብሬህ ግን እጸልያለሁ» ብለው ሸኙት። በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ።

ጓደኞቹ «እግዚአብሔር እጥፍ ይከፍልሃል» ይሉታል። እስካሁን አልተከፈለውም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቷል፤ የሚያገኘው ከበፊቱ ያንሳል። ባለፈው ሳምንት ሳገኘው ለመድኃኒቱ ብድር እየፈለገ ነበር። በጽዋ ማኅበራችን ተነጋግረን የዚህን ወር አዋጥተናል፤ የሚመጣውንም እንሞክራለን። እሱ ግን የሚፈልገው ሥራ ነው። ወርቅ ያውቃል፣ ሒሳብ ይችላል፣ ሰው ያከብራል። ታማኝ ሻጭ የሚፈልግ ባለ ሱቅ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።