«ተረጋግጧል» ሲሏችሁ

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ያ ሁሉ ሎጂክ ምን ሊጠቅመን ነው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። እስቲ አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1978 ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር ሁለት ሰዎች በኔትወርክ ላይ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ፕሮቶኮል አሳተሙ። ዋናው ነገር ሦስት መልእክት ብቻ ነው። አልማዝ ስሟንና አንድ አዲስ ሚስጥር ቁጥር በበቀለ ቁልፍ ቆልፋ ትልካለች። በቀለ የእሷን ቁጥር ከራሱ አዲስ ቁጥር ጋር በእሷ ቁልፍ ቆልፎ ይመልሳል። እሷም የሱን ቁጥር ቆልፋ ትመልስለታለች። የተቆለፈውን የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩን የመለሰው ትክክለኛው ሰው ነው። አለቀ!

በ1989 ደግሞ በሮውስ፣ አባዲና ራሱ ኒድሃም «ባን» የተባለውን ሎጂክ ይዘው መጡ። «አልማዝ ይህን ታምናለች»፣ «በቀለ ይህን ብሏል»፣ «ይህ ቁጥር አዲስ ነው» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን በሕግ እያያያዝክ መደምደሚያ ላይ ትደርሳለህ። ፕሮቶኮሉ በዚህ ተፈተሸ፤ አለፈ።

በ1995፣ ከ17 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ጋቪን ሎው ሰበረው። ምንም ቁልፍ አልሰረቀም፣ ሒሳቡንም አልነካም። አልማዝ በራሷ ፈቃድ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ግንኙነት ትጀምራለች፤ ደላላው እንበለው። ደላላው መልእክቷን ከፍቶ፣ በበቀለ ቁልፍ ቆልፎ፣ አልማዝን መስሎ ለበቀለ ይልካል። የበቀለን መልስ መክፈት አይችልም፤ ግን ምን ቸገረው? እንዳለ ለአልማዝ ያስተላልፈዋል። እሷ የደላላው መልስ መስሏት ትከፍተዋለች፣ የበቀለንም ቁጥር ለደላላው ቆልፋ ትሰጠዋለች። እሱም ለበቀለ ያቀብላል። በቀለ አሁን ከአልማዝ ጋር እያወራሁ ነው ብሎ ያምናል።

ታዲያ ሎጂኩ ዋሸ? አልዋሸም። መነሻው ላይ «ተሳታፊዎቹ ታማኞች ናቸው» የሚል ታሳቢ ነበር። ደላላው ግን ከውጭ የመጣ ሌባ አይደለም፤ የራሱ ቁልፍ ያለው ሕጋዊ ተሳታፊ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ቀዳዳው ያለው ከስሌቱ በፊት ነው።

የሎው መፍትሔ አንድ ቃል ነው፦ በቀለ ሲመልስ ስሙን ይጨምርበት። ያኔ አልማዝ «እኔ እኮ የማወራው ከደላላው ጋር ነው፣ በቀለ ከየት መጣ?» ብላ ታቆማለች።

ይሄ የድሮ ታሪክ አይደለም። በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁን የባንክ ኮድ አስመስሎ በተሠራ ገጽ ላይ ስታስገቡ ያው ነው የሚሆነው። ኮዱ እውነተኛ ነው፣ አዲስ ነው፤ ግን በየትኛው ገጽ ላይ እንደገባ አይናገርም። ደላላው ተቀብሎ ለባንኩ ያቀብላል። ፓስኪ የሚባለው አዲሱ አሠራር ይህን የሚከላከለው፣ የድረ ገጹን ስም ከመልሱ ጋር ስለሚያስር ነው። ያው የሎው መድኃኒት!

እና ልጆች፣ ሲስተም ስትሠሩም ስትገዙም «ደኅንነቱ ተረጋግጧል» ካሏችሁ ማረጋገጫውን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማንን ታማኝ ነው ብላችሁ ነው የጀመራችሁት? ሎጂክ የተማራችሁት ለዚህች ጥያቄ ነው።