ለኮች ከመክፈላችን በፊት፦ የጎደለን ምንድን ነው?

ሞያሌ ላይ ድንበሩን እየተሻገርን የምንነግድ ሴቶች ዘንድሮ የግብዣ ችግር የለብንም። በቴሌግራም የአነቃቂ ንግግር ማስታወቂያ ይደርሰናል። መያድ ሲመጣ የሦስት ቀን ሥልጠና ከነአበሉ ይሰጠናል። “ላይፍ ኮች ነኝ” የሚል ወጣት ደግሞ በዙም ስድስት ጊዜ ሊያነጋግረን የአንድ ጉዞ ትርፋችንን ይጠይቀናል። ሁሉም ስሙን “ራስን ማሳደግ” ይሉታል። እኛ በዕቁባችን ቀን ተቀምጠን ስንነጋገርበት ግን አንድ ስም የተሰጣቸው አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ታየን። ለየትኛው መክፈል እንዳለብን የሚወስነው የጎደለን ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሥልጠና ነው። ሥልጠና የማናውቀውን ያሳውቀናል፦ መዝገብ አያያዝ፣ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ መለየት፣ ዲክላራሲዮን ማንበብ። ከመካከላችን ኮሜርስ ተምረን ዲፕሎማ የያዝን አለንና ሥልጠናን አንንቅም፤ ሒሳቡን ያወቅነው በእሱ ነው። ሆኖም ዲፕሎማው ዱቤ የለመደ ዘመድን እንዴት “አሁንስ አይሆንም” እንደሚሉት አላስተማረንም።

ሥልጠናም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በቶጎ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት ሥልጠና አወዳድሮ ነበር። አንዱ የተለመደው የሒሳብና የግብይት ትምህርት ነው። ሌላው ሰው ሳይነግረን ራሳችን ቀድመን እንድንነሣ፣ ዕንቅፋት ሲገጥመንም ተስፋ እንዳንቆርጥ የሚያለማምድ ነው። በሁለተኛው የሠለጠኑት ትርፋቸው በ30 በመቶ ገደማ አደገ። በተለመደው የሠለጠኑት ግን ይህን ያህል የሚያስተማምን ለውጥ አላዩም። ስለዚህ ሥልጠና ሲጠሩን “ምን ታስተምራላችሁ?” ብቻ ሳይሆን “ምን ታለማምዱናላችሁ?” ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛው መካሪ ነው፤ ሜንተር የሚሉት። መካሪ መንገዱን ቀድሞ የሄደ ሰው ነው። “መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ” ያሉት አባቶቻችን ስለ ንጉሥ ይሁን እንጂ ለነጋዴም ይሠራል። ናይሮቢ ዳንዶራ ሠፈር ውስጥ አነስተኛ ንግድ ባላቸው ሴቶች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ክፍል ገብተው ንግድ የተማሩት ትርፋቸው አልጨመረም። ከዚያው ሠፈር ልምድ ካላት ነጋዴ ሴት ጋር የተጣመሩት ግን በአማካይ 20 በመቶ ጨመረላቸው። ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም፤ መካሪዋ ዕቃ በርካሽ የሚገኝበትን ታውቃለች። መገናኘታቸው ሲቀር ግን ጥቅሙም እየደበዘዘ ሄደ።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኢስሊ የትኛው ፎቅ ላይ የትኛው አከፋፋይ በዋጋ እንደሚለሳለስ፣ የትኛው ትራንዚተር ወረቀት እንደማያጓትት በየትኛውም ክፍል ውስጥ በሰሌዳ አይጻፍም። ግን ችግር አለው፤ መካሪዋ ምሥጢሯን የምትነግረው ነገ ከጎኗ ሱቅ ለምትከፍተው ነው። እኛ መፍትሔ ያደረግነው አንድ ዓይነት ዕቃ የሚነግዱ፣ ገበያቸው ግን የተለያየ ሴቶችን ማጣመር ነው። የያቤሎዋ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ የዲላዋን ብትመክር አንዷ የሌላዋን ደንበኛ አትወስድም።

ሦስተኛው ኮቺንግ ነው። ኮች አያስተምርም፣ መንገድም አያሳይም፤ ይጠይቃል። ከሚታወቁት የአጠያየቅ ስልቶች አንዱ ጆን ዊትሞር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቀው “ግሮው” የተባለው ነው። አራት ደረጃ አለው፦ ምን ትፈልጊያለሽ? አሁን የት ነሽ? ምን ምን አማራጭ አለሽ? የትኛውን፣ መቼ ታደርጊዋለሽ? የድርጅት ኃላፊዎችን የሚያግዝ ኮች አለ፤ ሙያ መቀየር ለሚፈልግ አለ፤ ለቡድን አለ፤ ለግል ሕይወትም አለ። የሁሉም መሠረት መልሱ በተጠያቂው ውስጥ አለ የሚል እምነት ነው። ስለዚህ ኮቺንግ የሚጠቅመው እያወቅን ማድረግ ሲያቅተን ነው። የማናውቀውን የጉምሩክ ደንብ መቶ ጊዜ ቢጠይቁን ከውስጣችን አይወጣም።

አራተኛው የእኩዮች ስብስብ ነው። እሱን ገንዘብ ከፍለን መፈለግ የለብንም፤ ዕቁባችን አለ። የተባባልነውን በሚቀጥለው ወር “እንዴት ሆነ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ልዩነቱ በተግባር የታየን በአንዲት እህታችን ነው። ሦስት የሥልጠና ሰርተፍኬት ሱቋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሆኖም ዕቃዋ በዱቤ አልቆ፣ የኬንያው አከፋፋይ ዕዳ አንገቷ ላይ ደርሶ፣ ፓስፖርት አውጥታ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነበር። ሁለት ልጆቿን እናቷ ጋ ለመተው ተስማምታለች። አራተኛ ሥልጠና እንፈልግላት ያልንም ነበርን። ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው እትዬ ግን ምክሩን ትታ ጠየቀቻት።

“እስቲ ልጄ፣ ለፋሲካ የት ሆነሽ መገኘት ትፈልጊያለሽ?”

“ሱቄ ውስጥ።”

“ሰው እጅ ያለው ገንዘብሽ ስንት ነው?”

ዝም አለች። በየደብተሩ ጽፋዋለች፤ ደምራው ግን አታውቅም። ማወቁ ራሱ ያስፈራታል። ማታውን ደመረችው፤ 17 ሰው ሆነ፤ የአብዛኛው ስም የዘመድ ነው።

“ከማን ትጀምሪያለሽ?”

“ከአክስቴ ልጅ።”

“መቼ?”

“ሐሙስ።”

ሐሙስ አብረናት ሄድን፤ እኛ ውጭ ቆምን፣ የገባችው እሷ ናት። እስከ ፋሲካ 11ዱ ከፈሉ፤ ሁለቱ በየወሩ ሊከፍሉ ተስማሙ፤ አራቱ እስከ ዛሬ አልሰጡም፤ አንደኛው ሰላምታም ትቷል። ለአከፋፋዩ ግማሹን ከፍላ የቀረውን ቀጠሮ አስያዘች። አሁን ሱቋ ውስጥ ናት፤ ልጆቿም ከእሷ ጋር ናቸው። እትዬ ኮቺንግ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ ግን ትችልበታለች።

ይህን ስንል ባለሙያ ኮች አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ብዙ ሠራተኛ ያላት፣ ለሁሉም ሰው የማይነገር ጉዳይ ያለባት እህት ከዕቁብ ውጭ የሆነ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋታል። ነገር ግን ኮችነት እንደ ሕክምና ፈቃድ የሚጠየቅበት ሙያ ስላልሆነ ማንም ተነሥቶ ስሙን ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት የሰውየውን ምስክር ወረቀት እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 100 ሰዓት፣ ለሁለተኛው 500፣ ለከፍተኛው 2,500 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ አነጋግሮን እንየው። በመጀመሪያው ቀን ከእኛ ይልቅ እሱ ብዙ ካወራ፣ ኮች ሳይሆን ተናጋሪ ነው። “በሦስት ወር ገቢሽን እጥፍ አደርጋለሁ” ካለም ቦርሳችንን እንዝጋ። እንቅልፍ የነሳን፣ ልብ የሰበረን ነገር ካለ ደግሞ ቦታው የኮች ሳይሆን የጤና ባለሙያ ዘንድ ነው።

እንግዲህ የተስማማንበት ይህ ነው። ከአሁን በኋላ አንዲት እህት ከጋራ ገንዘባችን ለሥልጠና ወይም ለኮች ስትጠይቅ መጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቃታለን፦ የጎደለሽ እውቀት ነው፣ መንገድ የሚያሳይ ሰው ነው፣ ወይስ የምታውቂውን ለማድረግ ድፍረት? እውቀት ከሆነ ሥልጠናውን እንከፍላለን። መንገድ ከሆነ ከሌላ ከተማ መካሪ እንፈልጋለን። ድፍረት ከሆነ ግን መጀመሪያ እኛው እንጠይቃታለን፣ ሐሙስ ዕለትም አብረናት እንሄዳለን።