በዲላ የአንዲት ቮልስ ዕድሜ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዲላ ይደርሳል። ከዚህ ወዲያ የጌዴኦ ዳገት ነው፤ ከትላልቅ ዛፎች ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና። አገሩ ከነትክል ድንጋዮቹ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ድንጋዮቹ የቆሙበት ዘመን በላያቸው ስላልተጻፈ፣ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። የቮልስዋገን ሞተር ግን ለጠያቂው ይቀለዋል፤ ልደቱን በገላው ላይ ጽፎ ይዞራል።

ይህን ያሰብሁት በከተማው በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ነው። አንድ ወጣት መምህር ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ቆሟል። ሻጩ፣ «የ1963 ሥሪት ናት፤ ሞተሯም የፋብሪካዋ ነው» ይላሉ። ቀለሟ ያብረቀርቃል። መቼም የመኪና ቀለም እንደ ሠርግ ልብስ ነው፤ ዕድሜን ይሸፍናል።

ሽማግሌው መካኒክ ቀለሙን አላዩትም። የኋላውን ክዳን ከፍተው ዲናሞው የተቀመጠበትን እግር መረመሩ። እግሩ ከሞተሩ ቤት ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ሞተሩ የድሮው ባለ 30 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በቡሎን የታሰረ ከሆነ ግን በ1960 ከመጣው ከአዲሱ ወገን ነው። ይህኛው የታሰረ ነበር። ከእግሩ ሥር የተጋገረውን ቅባትና አቧራ በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ቁጥሩን አወጡ። ከኦገስት 1960 እስከ 1965 አጋማሽ ድረስ የተሠሩት ሞተሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር ብቻ እንጂ ፊደል የላቸውም። ከኦገስት 1965 ወዲህ ግን ፊደል ይቀድማል፦ ለ1200 ዲ፣ ለ1300 ኤፍ፤ በዓመቱ ለመጣው 1500 ደግሞ መሰላል የሚመስለው ኤች።

ከቅባቱ ሥር የወጣው መሰላሉ ነበር።

«ልጄ፣ በ63 የተወለደች መኪና የ66ን ሞተር ይዛ ከፋብሪካ አትወጣም» አሉት።

«ታዲያ ጋሼ፣ መኪናዋም የ63 አይደለችም ማለት ነው?»

አይደለም። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለ ሆነ፣ ጠዋት ከአንዷ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ለሌላዋ ይገጠማል። የሞተሩ ቁጥር የሚመሰክረው ለሞተሩ ነው፤ የመኪናዋ ምስክር ከኋላ መቀመጫ ሥር የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው።

የሞተር መለወጥ በራሱ ነውር የለበትም። እንዲያውም 1500ው 44 የፈረስ ጉልበት ስላለው፣ ለጌዴኦ ዳገት ከባለ 34ቱ 1200 ይሻላል። ጣጣው ያለው ሊብሬው ላይ ነው። ሊብሬ ሁለቱንም ቁጥር ስለሚይዝ፣ አንዱ ካልገጠመ ስም በሚዛወርበት ጊዜ የሚጉላላው ገዢው ነው። የዚህች ሊብሬ የሻንሲው ቁጥር ልክ ገጠመ፤ በሞተሩ መስመር ላይ ግን በ7 የሚጀምር ፊደል የሌለው ቁጥር ሰፍሯል።

መምህሩ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ። ሻጩም የሞተሩን የግዢ ወረቀት ሊፈልጉ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ።