የጸሎተ ሐሙስ ፓስወርድ

ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ጓዳ ውስጥ ጉልባን ትቀቅላለች፤ እኔ ሳሎን ላፕቶፔ ላይ አፍጥጬ "ፓስወርዱ ትክክል አይደለም" የሚል መልእክት አያለሁ።

እናቴ የባልትና ሥራ አላት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ንጥር ቅቤ። ከሁለት ዓመት በፊት ድረ ገጽ ከፈትንላት፤ ውጭ ያሉ ልጆች አዲስ አበባ ላለው ቤተሰባቸው ያዝዙበታል፣ እኛ እናደርሳለን። ለፋሲካ ትዕዛዙ ይጎርፋል። በዚያ ሳምንት ታዲያ ቅቤ ተወደደ፤ ገጹ ላይ ያለው ዋጋ ግን የሁዳዴ መግቢያው ነበር። ትዕዛዝ በገባ ቁጥር በኪሎ 200 ብር እንከስራለን። ዋጋውን መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መግባት ለቻለ ሰው።

ፓስወርዱን አላስታውስም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አውቄውም አላውቅ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ላፕቶፕ ብራውዘር ላይ ተቀምጦ ስለነበር ራሱ ይሞላልኝ ነበር። ሥራ ስቀይር ላፕቶፑን መለስኩ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ደንበኛ በየት በኩል እንደሚገባ ሳሰላ ነው የምውለው። እኔ በምን እንደምገባ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ደጋግሜ ገመትኩ። በአምስተኛው ላይ የጥበቃ ፕለጊኑ ቆለፈብኝ። "ፓስወርድ ረሱ?" የሚለውን ቀድሜ ተጭኜው ነበር፤ ኢሜይል አልመጣም። አላስፈላጊ መልእክቶች የሚገቡበትንም አየሁ። የለም። የተመዘገበው ኢሜይል የእኔ አልነበረማ። የታናሽ ወንድሜ ነው።

ገጹን የሠራው እሱ ነው። የሠራው በዎርድፕረስ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ራሱ በተከራየው ሰርቨር ላይ የሚጭነው ሶፍትዌር። ቤቱ የራሳችሁ ነው፤ ቁልፍ ሲጠፋ የሚከፍትላችሁ ዘበኛ ግን የለም። ስንጀምር "እንከፍልሃለን" ብዬው ነበር። ባለፈው ክረምት ሲጠይቀኝ "ለእናትህ አይደል እንዴ የሠራኸው?" አልኩት። ከዚያ ዱባይ ሄደ። ለእማዬ ይደውላል፣ ለእኔ "ሰላም በያት" ይላል። ስምንት ወር እንዲህ ቆየን።

እናንተ ብትሆኑ ወዲያው ትደውሉ ነበር። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ መፍትሔ ስፈልግ ቆየሁ። ሰርቨሩን ለሚያከራየው ድርጅት ልጽፍ አሰብኩ፤ እሱም ውል በወንድሜ ስም ነው። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ "ለወንድምሽ መደወል ይከብዳል?" አለችኝ። ሌላ ትዕዛዝ ገባ። ሦስት ኪሎ።

በሁለተኛው ጥሪ አነሳው። "እማዬ ምን ሆነች?" ነው ያለኝ። ሰላምታ የለም። "ደህና ናት፣ ጉልባን እየቀቀለች ነው" ስለው ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

ቀጥሎ የጠየቀኝ "ገጹ ምን አለሽ?" ብሎ ነው። ይሄ ለእናንተም ይጠቅማል። ፓስወርዱ ስህተት ከሆነ ገጹ በግልጽ ይናገራል። ምንም ሳይል መልሶ ወደዚያው መግቢያ ከወሰዳችሁ ብዙ ጊዜ ችግሩ የብራውዘሩ ኩኪ ወይም የገጹ አድራሻ በትክክል አለመሞላቱ ነው፤ ፓስወርድ መለዋወጥ አይፈታውም። ባዶ ነጭ ገጽ ከመጣ ደግሞ አንዱን ፕለጊን ጠርጥሩ። የእኔ የመጀመሪያው ነበር፤ መቆለፉን በራሴ እጅ ጨመርኩበት።

ወደ ሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገባና የጥበቃ ፕለጊኑን ፎልደር ስም ቀየረው። ዎርድፕረስ ፎልደሩን በስሙ ካላገኘው ፕለጊኑን ያጠፋዋል፤ የተቆለፈው ተከፈተ። መቀየሪያው ሊንክ እሱ ኢሜይል ገባ፣ ላከልኝ፣ አዲስ ፓስወርድ አወጣሁ። ከዚያ በራሴ ኢሜይል ሁለተኛ አስተዳዳሪ እንድመዘግብ አደረገኝና የፎልደሩን ስም መለሰ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ቅቤው ከአምስት ሰዓት በፊት በአዲሱ ዋጋ ገባ። በአሮጌው ዋጋ ያዘዙትን ዘጠኝ ሰዎች በአሮጌው ዋጋ ሰጠናቸው።

ልዘጋ ስል የሰርቨሩ ኪራይ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅኩት።

"ጥር ላይ አድሼዋለሁ" አለኝ። "ዶሜኑንም።"

ጥር ላይ አንነጋገርም ነበር። ክፍያ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ረስቼዋለሁ። አንድ ወር ዝም ቢል ኖሮ ገጹ ከነደንበኞቹ ይጠፋ ነበር። የምለው ጠፋኝ። እማዬ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጥታ ስልኩን ነጠቀችኝና አርባ ደቂቃ አወራችው።

ማታ "የሠራህበትንም የከፈልከውንም ደምረህ ሂሳቡን ላክልኝ" ብዬ ጻፍኩለት።

"ከበዓሉ በኋላ" ብሎ መለሰ። እስካሁን አልላከም፤ እኔም በየሳምንቱ እየደወልኩ እጠይቀዋለሁ።